ያገለገለ ኦሲሎስኮፕ አግኝታችሁ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት

ስለ ኦሲሎስኮፕ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሲግናልን ቅርጽ በስክሪን ስለሚያሳየው መለኪያ፣ በየጊዜው አንድ ጥያቄ ይመጣልኛል። አጠያየቁ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፦ «ከላብራቶሪ የወጣ አሮጌ ኦሲሎስኮፕ አገኘሁ። ይሠራ እንደሆነ ለማየት ልሰካው?»

መልሴም አንድ ነው። ቆይ! አሁን አይሰካም።

ለዓመታት መጋዘን ውስጥ የተኛ መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በተኛበት ሳይሆን በተቀሰቀሰበት ደቂቃ ነው። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች) ደርቀው ወይም እርጥበት ጠጥተው ይሆናል። ሙሉ ቮልቴጅ በአንዴ ሲገባባቸው አንዱ ሾርት ያደርጋል። እሱ ትራንዚስተር ያቃጥላል፣ ትራንዚስተሩ ደግሞ ትራንስፎርመሩን ይዞ ይሄዳል። ትራንስፎርመር ከሄደ ምትክ ማግኘት ጭንቅ ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን ቅደም ተከተል ያዙ። አንድ ቅዳሜና እሁድ ይበቃችኋል።

መመሪያው የተጻፈው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ለተሠሩት፣ የመስታወት ቱቦ ስክሪን ላላቸው አናሎግ ኦሲሎስኮፖች ነው። ቴክትሮኒክስ 465 የዚህ ዓይነት ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ባለ ሁለት ቻናል፣ 100 ሜጋኸርዝ ድረስ የሚያይ። ሲግናል ጀነሬተር፣ ፍሪኩዌንሲ ካውንተር ወይም የጠረጴዛ ፓወር ሰፕላይ ያገኛችሁም እስከ 7ኛው ደረጃ ድረስ ያለውን እንዳለ ተጠቀሙበት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ማልቲሜትር። ቢያንስ 600 ቮልት የሚችል፣ የገመዶቹ ፕላስቲክ ያልተሰነጠቀ
- ካቻቪቴ፦ ጠፍጣፋ፣ መስቀልና ባለ ኮከብ ጫፍ
- ባለ ክር የድሮ አምፖል፣ 40 ዋትና 100 ዋት። ኤልኢዲ አይሆንም
- የአምፖል መያዣ፣ አንድ ሶኬት፣ ስፒና ያለው ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሁሉንም የሚይዝ ሳጥን
- 10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር፣ ሽፋን ካላቸው ሁለት ሽቦዎች ጋር የተበየደ
- ለስላሳ ቡርሽ፣ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ጠንከር ያለ ነጭ ወረቀት
- ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆን ኮንታክት ክሊነር
- መበየጃና ሊድ
- ከመሣሪያው ጋር ልኩ የሆነ ትርፍ ፊውዝ
- በ10 የሚያካፍል ፕሮብ፣ ማለትም ሲግናሉን ወደ ኦሲሎስኮፑ የሚያመጣው ባለ ገመድ መንኪያ
- አርዱኢኖ ኡኖ ወይም ተመሳሳይ፣ ፕሮግራም የሚጻፍበት ትንሽ ቦርድ
- ካሜራ ያለው ስልክ
- የመሣሪያው ሰርቪስ ማንዋል

የመጨረሻውን አቅልላችሁ አትዩት። ለብዙ አሮጌ የላብራቶሪ መሣሪያዎች ሙሉ የሰርኪውት ሥዕል ያለው ማንዋል ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ስትፈልጉ የአምራቹን አዲስ ስምም ሞክሩ። ለምሳሌ የሂውሌት ፓካርድ የመለኪያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1999 አጂለንት ሆነ፣ በ2014 ደግሞ ኪሳይት። የ1980ዎቹን መሣሪያ ማንዋል በዛሬው ስም ሥር ልታገኙት ትችላላችሁ።

ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

የስክሪኑ ቱቦ በሺዎች በሚቆጠር ቮልት ነው የሚሠራው። ፈጣን በሆኑት ኦሲሎስኮፖች ላይ ከ10 ሺህ ቮልት በላይ ይደርሳል። ከቱቦው ጎን የሚገባውን ወፍራም ገመድ አትንኩት፣ በማልቲሜትርም አትለኩት። ተራ ማልቲሜትር ይህን ቮልቴጅ አይችልም፤ እጃችሁ ላይ ይፈነዳል። በዚህ መመሪያ ውስጥ ያንን ክፍል የሚያስነካ ሥራ የለም።

ትላልቅ ካፓሲተሮች ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ስለዚህ ከነቀላችሁ በኋላ በ10 ኪሎ ኦሙ ሬዚስተር ሁለቱን ጫፎች ለ10 ሰከንድ አገናኙና ቮልቴጁ መውረዱን በማልቲሜትር አረጋግጡ። በካቻቪቴ ሾርት ማድረግ የሚወዱ አሉ። ብልጭታው ያምራል፣ ግን ካፓሲተሩንም ካቻቪቴውንም ዓይንንም ይጎዳል።

ኃይል ያለበት መሣሪያ ላይ ስትለኩ አንድ እጃችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉ። ኤሌክትሪክ በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ከወጣ መንገዱ ልብ ላይ ነው። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ብቻችሁን ቤት ውስጥ ሆናችሁ አትሥሩ።

የቱቦው አንገት ቀጭን መስታወት ነው፣ ውስጡም አየር የለም። ከተመታ ስብርባሪው ይበተናል። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ ደግሞ ይህ ነው፦ በአንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች ውስጥ ከትራንዚስተሮች ሥር ያለው ነጭ ሴራሚክ ቤሪሊየም ኦክሳይድ ሊሆን ይችላል። ሳይሰበር ምንም አያደርግም። ብናኙ ግን ለሳንባ መርዝ ነው። አትፈግፍጉት፣ አትስበሩት፣ አትቆፍሩት።

ደረጃ 1፦ ከየት እንደመጣ ጠይቁ

የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ውስጥ የነበረ ኦሲሎስኮፕና ኬሚካል ሲቀላቀልበት ከኖረ ክፍል የመጣ ኦሲሎስኮፕ እኩል አይደሉም። የአሲድ ትነት የቦርዱን መስመሮች ይበላል። የሕክምና ወይም የባዮሎጂ ክፍል ውስጥ የነበረ ከሆነ ከመክፈታችሁ በፊት ውጪውን በጓንት ሆናችሁ በአልኮል ጥረጉ። ሻጩ ታሪኩን ካላወቀ አፍንጫችሁን ተጠቀሙ። የአቧራ ሽታ ደህና ነው። የተቃጠለ ወይም የሚኮመጥጥ ሽታ ግን ውስጡ ሥራ እንደሚጠብቃችሁ ይነግራችኋል።

ቀስ አድርጋችሁ ዘንበል አድርጉት። የሚንኳኳ ነገር ካለ የወለቀ ብሎን ሊሆን ይችላል። ቦርድ ላይ ያረፈ አንድ ብሎን ለሾርት ይበቃል። ማዞሪያዎቹን በሙሉ አዙሯቸው። ተሰብሮ በባዶው የሚሽከረከር ካለ መዝግቡት።

ደረጃ 2፦ የቮልቴጅ መምረጫውን፣ ፊውዙንና ገመዱን እዩ

ከኋላ በኩል 115 እና 230 ቮልት የሚል መምረጫ ይኖራል። መሣሪያው ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ በ115 ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ያ ማለት 230 ቮልት ስትሰኩበት ውስጡ እጥፍ ቮልቴጅ ይገባል። ደረጃ ከመዝለል የሚመጣው ትልቁ ጥፋት ይኸው ነው። መምረጫው ምንም ካላሳየ ማንዋሉን ተመልከቱ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ውስጥ ተደብቆ ነው ያለው።

ፊውዙን አውጥታችሁ ቁጥሩን ከማንዋሉ ጋር አስተያዩ። ለ115 ቮልት የተባለው ፊውዝ ለ230 ከሚባለው እጥፍ ገደማ ነው። መምረጫውን ስትቀይሩ ፊውዙም ይቀየራል። በፊውዝ ፋንታ ሽቦ ወይም የብር ወረቀት ተጠቅልሎ ካገኛችሁ አንድ ነገር እወቁ፦ ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ፊውዝ ሰልችቶት ነበር። ስለዚህ ውስጡ እውነተኛ ችግር አለ።

ከዚያ ማልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ሁለት ነገር ለኩ።

- ከስፒናው የኧርዝ እግር እስከ መሣሪያው ብረት አካል፦ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። ካልሆነ ገመዱ ተቆርጧል፤ በቀጣዩ ጥፋት አካሉ ራሱ ይነዝራችኋል።
- ከሁለቱ የኃይል እግሮች እስከ አካሉ፦ ማብሪያው በርቶ፣ ምንም መገናኘት የለበትም። ዝቅተኛ ኦም ካሳየ እዚሁ አቁሙ።

ደረጃ 3፦ ክፈቱና እዩ፣ አትንኩ

ክዳኑን ስታወልቁ መጀመሪያ ስልካችሁን አውጡ። ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ «ይህ ሰማያዊ ሽቦ የት ነበር?» ስትሉ መልሱ እዚያ ውስጥ ነው።

አቧራውን በለስላሳ ቡርሽ ጥረጉ። የአየር መጭመቂያ በቅርብ አትጠቀሙ፤ ቀጫጭን ሽቦ ይነቅላል፣ ቆሻሻውንም ወደ ስዊቾቹ ውስጥ ይነዳዋል። ቬንትሌተር ካለው በጣታችሁ አዙሩት። ካልዞረ ዘይት ይፈልጋል ወይም ይቀየራል። ሳይዞር መሣሪያው ቢሠራም ብዙ አይቆይም፣ ይግልና ይጠፋል።

አሁን ካፓሲተሮቹ ላይ አተኩሩ። ሦስት ዓይነት አሉ፣ የሦስቱም አመል ለየቅል ነው።

*ኤሌክትሮሊቲክ።* እንደ ቆርቆሮ ያሉት፣ አናታቸው ያበጠ ወይም ሥራቸው ቡናማ ነገር ያፈሰሰ ከሆነ ይቀየራሉ። ያላበጠው ሁሉ ደህና ነው ማለት ግን አይደለም።

*ታንታለም።* የውኃ ጠብታ የሚመስሉ ትንንሽ ናቸው። ሲበላሹ ሾርት ያደርጋሉ፣ አንዳንዴም በእሳት። በዓይን ስታዩአቸው ጤነኛ ይመስላሉ። የሚያጋልጣቸው ቀጣዩ ደረጃ ነው።

*የኃይል መግቢያው ላይ ያለው የወረቀት ካፓሲተር።* ብርሃን በሚያሳልፍ ቢጫ ወይም ቡናማ ፕላስቲክ የተሸፈነ፣ አራት ማዕዘን ነው። ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሽፋኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ካለ እርጥበት ገብቶበታል።

ስለዚህ ሦስተኛው ካፓሲተር ከራሴ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ደረጃ 3ን ዘለልኩ። መሣሪያው በራ፣ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ታየ፣ ደስ አለኝ። አንድ አሥር ደቂቃ እንደ ሠራ «ፓፍ!» አለና ክፍሉ በነጭ ጭስ ሞላ። ሽታው ከመጋረጃው ለሦስት ቀን አልለቀቀም። ጥፋቱ የአንድ ካፓሲተር ብቻ ነበር፣ ሌላው ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ግን ስንጥቅ ኖረም አልኖረ ይህን ካፓሲተር ሳልቀይር አልሰካም።

ስትቀይሩት ተራ ካፓሲተር አታስገቡ። በሁለቱ የኃይል ሽቦዎች መካከል የሚገባው «ኤክስ2» የሚል ምልክት ያለው ነው። ከኃይል ሽቦ ወደ ኧርዝ የሚገባው ደግሞ «ዋይ2»። እነዚህ ሲበላሹም ሰው እንዳይጎዱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ተራው ግን እዚያ ቦታ ሾርት ካደረገ አካሉን ባለ ኃይል ያደርገዋል።

ደረጃ 4፦ ኃይል ሳይገባ መስመሮቹን ለኩ

ኦሲሎስኮፕ ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ አንድ ቮልቴጅ ብቻ አይደለም የሚሰጠው። ብዙውን ጊዜ አራት ወይም አምስት መስመር አለ፤ አንዳንዱ ፖዘቲቭ፣ አንዳንዱ ነጌቲቭ። ማንዋሉ ላይ የመለኪያ ነጥቦቹ ተጽፈዋል።

ስፒናው ተነቅሎ ከእያንዳንዱ ነጥብ እስከ አካሉ ድረስ ኦም ለኩ። ገመዶቹን አገላብጣችሁ ደግሙት፣ ሁለቱንም ቁጥር ጻፉ። ቁጥሩ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ቀስ በቀስ ከወጣ ካፓሲተሩ እየሞላ ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው። 1 ወይም 2 ኦም ላይ ተተክሎ ከቀረ ግን እዚያ መስመር ላይ ሾርት አለ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው አንድ ታንታለም ነው።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሁሉንም መንቀል አያስፈልግም። በመስመሩ ላይ ያሉትን መሰኪያዎች አንድ በአንድ ነቅላችሁ ኦሙን ደጋግማችሁ እዩ። ሾርቱ የጠፋው የትኛው ቦርድ ሲነቀል ነው? እዚያ ቦርድ ላይ ፈልጉ። አዲሱን ታንታለም ስትተክሉ ፖዘቲቩን እግር ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። ተገልብጦ ከገባ ሰከንዶች ውስጥ ይፈነዳል።

ደረጃ 5፦ የአምፖል ሳጥኑን ሥሩ

ቀላል ዘዴ ነው፣ ግን ብዙ መሣሪያ ያተርፋል። ከስፒናው የሚመጣው የኃይል ሽቦ በማብሪያ ማጥፊያው አልፎ አምፖሉ ውስጥ ይገባል፣ ከአምፖሉ ወጥቶ ወደ ሶኬቱ ይሄዳል። ኒውትራሉና ኧርዙ ሳይቋረጡ በቀጥታ ሶኬቱ ላይ ይታሰራሉ። ኧርዝ በምንም መንገድ አምፖሉ ውስጥ አያልፍም። የቤት መስመር ሠርታችሁ የማታውቁ ከሆነ ይህን ሳጥን ኤሌክትሪሺያን ይሥራላችሁ።

ለምን አምፖል? ክሩ ሲቀዘቅዝ ኦሙ ትንሽ ነው፣ ሲግል አሥር እጥፍ ገደማ ይጨምራል። መሣሪያው ጤነኛ ከሆነ ጥቂት ኤሌክትሪክ ብቻ ስለሚወስድ ክሩ አይግልም፤ ቮልቴጁን ያሳልፈዋል። መሣሪያው ሾርት ከሆነ ግን አምፖሉ ይበራና ኤሌክትሪኩን ይገድባል። 230 ቮልት ላይ ባለ 100 ዋት አምፖል ከ0.43 አምፔር በላይ አያሳልፍም፣ ከኋላው ፍጹም ሾርት ቢኖር እንኳ። 40 ዋቱ ደግሞ 0.17 ላይ ያቆማል። ኤልኢዲ አምፖል ይህ ባሕርይ የለውም። ለዚያ ነው አይሆንም ያልኳችሁ።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ማብራት

በ40 ዋቱ ጀምሩ። ኦሲሎስኮፑ ላይ «ኢንቴንሲቲ» የሚለውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ቀንሱ። ሳጥኑን አብሩና አምፖሉን እዩ፣ ስክሪኑን ሳይሆን።

አምፖሉ ለአፍታ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ካፓሲተሮቹ ሞልተው ረግተዋል፣ እሰየው። ሙሉ ብርሃኑን እንደያዘ ከቀረ ሾርት አለ፤ ወዲያው አጥፉና ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ። ጭራሽ ካልበራ ፊውዝ፣ ማብሪያ ወይም ገመድ የሆነ ቦታ ተቋርጧል።

ግራ የሚያጋቡ ሁለት ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው፣ አምፖሉ በመጠኑ በርቶ ይቀራል። አብዛኞቹ የዚያ ዘመን ኦሲሎስኮፖች በርከት ያለ ዋት ስለሚወስዱ 40 ዋቱ አይበቃቸው ይሆናል። አጥፉና በ100 ዋቱ ቀይሩት። ሁለተኛው፣ አምፖሉ ቦግ እልም፣ ቦግ እልም ይላል። ይህ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ (በፍጥነት እየበራና እየጠፋ ቮልቴጅ የሚያወጣ) ያላቸው ላይ ይታያል፤ ቮልቴጁ ስላነሰው ይነሳና ይወድቃል። እንዲህ ሲያደርግ ብዙ አታቆዩት። ትልቅ ዋት አምፖል ተጠቀሙ።

10 ደቂቃ ጠብቁ። አሽትቱ፣ አዳምጡ። አጥፉ፣ ካፓሲተሮቹን በሬዚስተሩ ባዶ አድርጉ፣ ከዚያ ትላልቆቹን በእጅ ጀርባ ጠጋ ብላችሁ ሙቀታቸውን እዩ። የሚግል ካፓሲተር ሊሄድ የተዘጋጀ ነው።

ደረጃ 7፦ ቮልቴጆቹን ለኩ

በ100 ዋት አምፖል ሰላም ከሆነ በቀጥታ ሰክታችሁ የፓወር ሰፕላዩን መስመሮች ለኩ። የማልቲሜትሩን ጥቁር ገመድ በአዞ አፍ መቆንጠጫ አካሉ ላይ እሰሩት። በአንድ እጅ ቀዩን ብቻ ያዙ።

መጀመሪያ በዲሲ። ማንዋሉ የፈቀደው ስንት እንደሆነ ከጎኑ ተጽፏል። ከዚያ በዚያው ነጥብ ላይ ማልቲሜትሩን ወደ ኤሲ ቀይሩት። በጥሩ መስመር ላይ ሚሊ ቮልቶች ብቻ ታያላችሁ። ግማሽ ቮልት፣ አንድ ቮልት ካያችሁ የዚያ መስመር ትልቁ ኤሌክትሮሊቲክ ደርቋል። ይህን ያላየ ሰው በኋላ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ሲንቀጠቀጥ ሌላ ጥፋት ሲፈልግ ይውላል።

አንድ ማሳሰቢያ። በብዙዎቹ ላይ አንዱ መስመር ለሌሎቹ መነሻ ነው። እሱ ከተዛባ ሁሉም ይዛባሉ። ስለዚህ ማንዋሉ ባስቀመጠው ተራ ለኩ። በቦርዱ ላይ ያሉትን ትንንሽ ማስተካከያዎች ደግሞ «ትንሽ ልሞክር» ብላችሁ አታዙሩ። ቮልቴጁ በተፈቀደው ውስጥ ከሆነ ተዉት። አንዱን ስትነኩ የመላው መሣሪያ ልኬት ይናጋል።

ደረጃ 8፦ ስክሪኑ ላይ የሚሳለውን መስመር ፈልጉ

«ሞቷል» ተብለው ከተጣሉት ብዙዎቹ ያልሞቱ ናቸው። ማዞሪያ ተዛብቶባቸው ነው። ፊት ለፊት ሠላሳ ማዞሪያ ያለው ዕቃ ነው፤ አንዱ ቦታውን ከሳተ ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል። እንዲህ አሰልፏቸው፦

- ሁለቱም ቻናሎች መግቢያቸው «ግራውንድ» ላይ
- «ፖዚሽን» የሚሉት ሁሉ መሀል ላይ
- ትሪገር (መስመሩ መሳል የሚጀምርበትን ቅጽበት የሚወስነው) «ኦቶ» ላይ። «ኖርማል» ላይ ከሆነ ሲግናል ሳይኖር ምንም አይታይም
- የጊዜ መምረጫው 1 ሚሊ ሰከንድ ላይ
- «ኤክስ ዋይ» ጠፍቶ
- «ቫሪያብል» የሚሉት ትንንሾቹ ማዞሪያዎች ቀጭ ብለው በሚቆሙበት ቦታ
- «ኢንቴንሲቲ» ከመሀል ትንሽ ዝቅ ብሎ

ካልታየ «ቢም ፋይንድ» የሚል ቁልፍ ካለው ተጫኑት። መስመሩ ከስክሪኑ ውጪ ሆኖ ከሆነ ሰብስቦ ወደ ውስጥ ያመጣዋል። የታየበት አቅጣጫ የትኛው «ፖዚሽን» እንደሳተ ይጠቁማችኋል።

ብሩህ ነጥብ ብቻ ቆሞ ካያችሁ ቶሎ ብርሃኑን ቀንሱ። አንድ ቦታ የቆመ ነጥብ የስክሪኑን ፎስፎር፣ ማለትም የሚያበራውን ሽፋን፣ ያቃጥለዋል፣ ጠባሳውም አይጠፋም።

ደረጃ 9፦ ስዊቾቹን አጽዱ

መስመሩ የሚዘል፣ ማዞሪያ ስትነኩ የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ዝገት ብቻ ነው። መሣሪያው ጠፍቶና ተነቅሎ እያንዳንዱን ማዞሪያ ከዳር እስከ ዳር 20 እና 30 ጊዜ አመላልሱት። ግማሹ ችግር በዚህ ይለቃል።

ለቀረው፣ ቮልዩም መሰል ማዞሪያዎች ውስጥ ጥቂት ኮንታክት ክሊነር ጠብ አድርጉና እንደገና አመላልሱ። የቮልትና የጊዜ መምረጫዎቹ ግን ስስ የወርቅ ኮንታክት ሊኖራቸው ይችላል። እነሱን አትርጩባቸው። ነጩን ወረቀት በቀጭኑ ቁረጡ፣ በአልኮል ንከሩት፣ በኮንታክቶቹ መካከል አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ወረቀቱ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ ስታዩ ትረካላችሁ። የበር ማጠፊያ የሚለሰልስበትን ዘይት እዚህ አታምጡት፤ ይቀርና አቧራ ይሰበስባል።

ፊት ለፊት ያለውን ጽሑፍ በአሴቶን አትጥረጉ። የማዞሪያዎቹ ስም ከጠፋ መሣሪያውን መጠቀም ፈተና ይሆናል።

ደረጃ 10፦ ፕሮቡን አስተካክሉ

በ10 የሚያካፍል ፕሮብ ውስጡ 9 ሜጋ ኦም አለው፣ የኦሲሎስኮፑ መግቢያ ደግሞ 1 ሜጋ ኦም። ክፍፍሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ነገር ግን በሁለቱም በኩል ትንሽ ካፓሲታንስ አለ፤ እሱ ካልተመጣጠነ የምታዩት ቅርጽ ውሸት ነው።

ፊት ለፊት «ካል» ወይም «ፕሮብ አድጀስት» የሚል ማውጫ አለ፤ በአብዛኛው 1 ኪሎኸርዝ ገደማ ካሬ ሞገድ ይሰጣል። ፕሮቡን እዚያ ስኩት። የሞገዱ አናት ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ማዕዘኑ ሾጥጦ ከወጣ ወይም ተድቦልቡሎ ከቀረ በፕሮቡ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን እስኪስተካከል አዙሯት። ካቻቪቴው ፕላስቲክ ይሁን፣ ብረት ራሱ ካፓሲታንስ ይጨምራል። ፕሮቡን ወደ ሌላ ቻናል ስታዛውሩ ይህን ትደግማላችሁ።

ደረጃ 11፦ አሮጌውን በአዲሱ ፈትኑ

አሁን የሚወደደው ክፍል መጣ። ውድ ካሊብሬተር አያስፈልግም። አርዱኢኖ ኡኖ ላይ 5ኛውን ፒን «አናሎግ ራይት» በሚለው ትእዛዝ 127 ላይ አድርጉት። 977 ኸርዝ ገደማ የሆነ ካሬ ሞገድ ይወጣል፤ አንዱ ዙር 1.024 ሚሊ ሰከንድ ነው። ቁጥሩ የመጣው የቦርዱ 16 ሜጋኸርዝ ሰዓት ለ64 ከዚያም ለ256 ሲካፈል ነው።

የጊዜ መምረጫውን 0.2 ሚሊ ሰከንድ ላይ አድርጉ። አንዱ ዙር 5 ካሬ ከጥቂት ይይዛል፣ በትክክል 5.12። የድሮ ኦሲሎስኮፕ ጊዜ መለኪያ እስከ 3 በመቶ ቢሳሳት ያለ ነው። የአርዱኢኖው ሰዓት ከዚያ በጣም ይሻላል፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ በቂ ዳኛ ነው።

ለቮልቴጁ፣ መጀመሪያ የአርዱኢኖውን 5 ቮልት ፒን በማልቲሜትር ለኩ። ከዩኤስቢ ስለሚመጣ 4.8 ወይም 5.1 ሊሆን ይችላል። የሞገዱ ቁመት ያንኑ ቁጥር መስጠት አለበት። ፕሮቡ በ10 እንደሚያካፍል አትርሱ፦ መምረጫው በአንድ ካሬ 0.1 ቮልት ላይ ሲሆን ስክሪኑ ላይ አንዱ ካሬ 1 ቮልት ማለት ነው።

ስክሪኑን በስልክ ስታነሱ ክፍሉን አጨልሙ፣ የካሜራውን ብርሃን ዝቅ አድርጉ። ከኋላ ባለ 24 እግር ሰፊ መሰኪያ ያለው መሣሪያ ከገጠማችሁ ደግሞ ያ ጂፒአይቢ ይባላል። በዩኤስቢ አስማሚ ከዛሬ ኮምፒውተር ጋር ይነጋገራል።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

*የፕሮቡን ጥቁር መቆንጠጫ የቤት መስመር ላይ ማሰር።* መቆንጠጫው በቀጥታ ከኧርዝ ጋር የተገናኘ ነው። ባለ ኃይል ሽቦ ላይ ስታስሩት ሾርት ይሆናል። ፕሮቡ ይቃጠላል፣ እናንተም ልትጎዱ ትችላላችሁ። ጀማሪ ከሆናችሁ የቤት መስመርን በኦሲሎስኮፕ አትለኩ።

*ይህን ለማምለጥ የኧርዙን እግር መቁረጥ።* ይህ ከመጀመሪያው ይብሳል። አሁን ሙሉው ብረት አካል ባለ ኃይል ሆነ። ኧርዙ ተቆርጦ የመጣ መሣሪያ ካገኛችሁ ገመዱን ሳትቀይሩ አትንኩት።

*ማልቲሜትሩና ኦሲሎስኮፑ አልተስማሙም ማለት።* ማልቲሜትር 9 ቮልት ኤሲ ሲል ስክሪኑ ላይ ከላይ እስከ ታች 25 ቮልት ገደማ ይታያል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ማልቲሜትሩ የሚሰጠው አርኤምኤስ (የሞገዱ ውጤታማ ቮልቴጅ)፣ ስክሪኑ የሚያሳየው ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው፤ ለሳይን ሞገድ በ2.83 አባዙት።

*ቫሪያብሉን ረስቶ መለካት።* ትንሿ ማዞሪያ ቀጭ ካላለች በካሬ የምትቆጥሩት ቁጥር ሁሉ ዋጋ የለውም። ብዙዎቹ ላይ ለዚህ ማስጠንቀቂያ የምትበራ ትንሽ መብራት አለች። እሷን መመልከት ልመዱ።

*ካፓሲተሮችን በሙሉ በአንድ ቀን መቀየር።* ሃምሳ ካፓሲተር ቀይሮ «አሁን ጭራሽ አይበራም» የሚል መልእክት ይመጣልኛል። ከሃምሳው የቱ ተገልብጦ እንደገባ ማን ይወቅ? አንድ መስመር ቀይሩ፣ አብሩ፣ ለኩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው።

*ሳይሞቅ መለካት።* አሮጌ መሣሪያ እስኪረጋ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። በርቶ በሁለተኛው ደቂቃ መስመሩ ቀስ እያለ ቢንሸራተት አትደንግጡ።

ክዳኑን ከመግጠማችሁ በፊት በደረጃ 7 የለካችኋቸውን ቮልቴጆችና የቀየራችኋቸውን ዕቃዎች ከነቀኑ በወረቀት ጽፋችሁ ከክዳኑ ውስጠኛ ጎን ለጥፉት። መሣሪያው በሚቀጥለው ሲታመም የምትጀምሩት ከዚያ ወረቀት ነው።